የአምላክ አንድነትና ብዛት በሂንዱ ፍልስፍና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሂንዱ ሃይማኖት ሲነሣ ደጋግመው የሚመጡት ጥያቄዎች ከመሠረታዊው ተነሥተው ወደ አስቸጋሪው በሚሄድ ቅደም ተከተል ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ሂንዱዎች የሚያመልኩት አንድ አምላክን ነው ወይስ ብዙ አማልክትን?

አብዛኞቹ ሂንዱዎች ሁለቱንም ይላሉ፤ ይህን ሲሉም እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር የተናገሩ አይመስላቸውም። በአንድ ቤት ውስጥ አባት ለሺቫ፣ እናት ለላክሽሚ፣ ፈተና የደረሰበት ልጅ ደግሞ ለጋኔሻ ሊጸልዩ ይችላሉ። ይሁንና «አምላክ ስንት ነው?» ተብለው ቢጠየቁ ሦስቱም «አንድ ነው» ብለው ሊመልሱ ይችላሉ።

ችግሩ «አንድ ነው» የሚለው መልስ በሁሉም አፍ አንድ ትርጉም የሌለው መሆኑ ነው። ለአንዳንዱ፣ ስማቸውና መልካቸው የተለያየ አማልክት ሁሉ የአንዱ መለኮት መገለጫዎች ናቸው ማለት ነው። ለሌላው፣ ልዑል አምላክ አንድ ብቻ ሆኖ የቀሩት የእርሱ ፍጡራንና አገልጋዮች ናቸው ማለት ነው። ለሦስተኛው ደግሞ ከመጀመሪያውም ቢሆን ከአንዱ በቀር በእውነት የሚኖር ነገር የለም ማለት ነው። እነዚህ ሦስት አሳቦች እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚፈጠረው ግራ መጋባትም በአብዛኛው የሚመነጨው እነርሱን እንደ አንድ ከመቁጠር ነው። የሂንዱ ሃይማኖት አንድ መሥራች፣ የሁሉንም እምነት የሚወስን ጉባኤ ወይም የጋራ ጸሎተ ሃይማኖት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በህንድ ብቻ ወደ 966 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሂንዱ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ወጥ መልስ መጠበቅ ተገቢ አይሆንም።

ብራህማን፣ ብራህማና ብራህሚን የሚባሉት አንድ ናቸው?

አይደሉም። ብራህማን ፈላስፎቹ የሁሉም ነገር መሠረትና ምንጭ የሚሉት፣ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ህላዌ ነው። ብራህማ በተረቶችና በቅዱሳት ድርሰቶች ውስጥ ዓለምን በመፍጠር ሥራ የሚታወቀው ባለ አራት ፊቱ አምላክ ነው። ብራህሚን ደግሞ በትውልድ የክህነትና የትምህርት ሥራ የተሰጠው የማኅበረሰብ ክፍል አባል ነው። ከዚህ በታች የአንድነት ነገር ሲነሣ የሚጠቀሰው የመጀመሪያው፣ ብራህማን፣ ነው።

330 ሚሊዮን አማልክት አሏቸው የሚባለው እውነት ነው?

ማንም ቆጥሮ የደረሰበት ቁጥር አይደለም። ምንጩ ቬዳ የሚባሉት የሂንዱ ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት በተደረሱበት ዘመን የታወቀው የ33 አማልክት ቁጥር ነው፤ ከቬዳዎች አንዱ የሆነው ሪግ ቬዳ በሰማይ 11፣ በምድር 11፣ በውኃ ውስጥ 11 አማልክት እንዳሉ ይጠቅሳል። በኋላ ዘመን ይህ ቁጥር «33 ኮቲ» ተባለ። ኮቲ አሥር ሚሊዮን ማለት ስለሆነ ስሌቱ 330 ሚሊዮን ይመጣል፤ ዛሬ ብዙ ሂንዱዎች ግን ቃሉ «ዓይነት» ማለትም ስለሚሆን አባባሉ 33 ዓይነት አማልክትን ነው ብለው ይከራከራሉ። በሕዝብ አነጋገር ውስጥ ያለው ቁም ነገር መለኮት የማይደርስበት ቦታ የለም የሚለው ነው።

ቁጥሩን በተመለከተ ከሁሉ የሚልቀው ንግግር ያለው ኡፓኒሻድ ከሚባሉት የቬዳዎች መደምደሚያ የሆኑ የፍልስፍና ድርሰቶች አንዱ በሆነው በብሪሃዳራንያካ ውስጥ ሲሆን፣ ይህ ድርሰት ከቡድሃ ዘመን በፊት እንደተደረሰ ይገመታል። የቪዴሃው ንጉሥ ጃናካ በተገኘበት የሊቃውንት ክርክር ላይ ሻካልያ የተባለ ሊቅ ጠቢቡን ያጅናቫልክያን «አማልክት ስንት ናቸው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ያጅናቫልክያ በቅድሚያ ከአንድ የአምልኮ ቀመር ጠቅሶ 3306 ይላል። ሻካልያ «እሺ፤ ግን በእውነት ስንት ናቸው?» እያለ ጥያቄውን ሲደጋግም መልሱ ወደ 33፣ ወደ 6፣ ወደ 3፣ ወደ 2፣ ወደ አንድ ተኩል፣ በመጨረሻም ወደ 1 ይወርዳል።

ቁልቁል መውረዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ንግግሩ ይህን ያህል ባልከበረ ነበር። ሻካልያ ተመልሶ እያንዳንዱ ቁጥር እነማንን እንደሚያመለክት ይጠይቃል፤ ያጅናቫልክያም አንዱንም ቁጥር ሐሰት ነው ብሎ አይጥልም። 3306ቱ የአማልክቱ ኃይሎች ናቸው፤ አማልክቱ ራሳቸው 33 ሲሆኑ እነርሱም 8 ቫሱዎች፣ 11 ሩድራዎች፣ 12 አዲትያዎች፣ ከእነርሱም ጋር ኢንድራና ፕራጃፓቲ ናቸው። ስድስቱ እሳት፣ ምድር፣ ነፋስ፣ ህዋ፣ ፀሐይና ሰማይ፤ ሦስቱ ሦስቱ ዓለማት፤ ሁለቱ ምግብና እስትንፋስ፤ አንድ ተኩሉ የሚነፍሰው ነፋስ ነው። አንዱ እስትንፋስ ነው፤ እርሱም ብራህማን ነው። የሂንዱ አስተሳሰብ በአንድና በብዙ መካከል የሚያደርገው ጉዞ በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ጎልቶ ይታያል፤ ብዙው አልተሻረም፤ ወደ አንዱ የሚያደርስ ደረጃ ተሰጠው እንጂ።

በጥንታዊዎቹ ቬዳዎች ውስጥ ስለ አንድ አምላክ የሚናገር ነገር አለ?

አለ፤ ይሁን እንጂ ተጋኖ መነገር የለበትም። 10 መጻሕፍትና 1028 መዝሙራት ያሉት ሪግ ቬዳ በአብዛኛው ለኢንድራ፣ ለእሳቱ አምላክ ለአግኒ፣ ለቫሩናና ለሌሎች አማልክት የቀረበ ምስጋናና ልመና ነው። ዘማሪው በአንድ መዝሙር አግኒን ከሁሉ በላይ ያደርገዋል፤ በሚቀጥለው ኢንድራን እንዲሁ ያደርገዋል። በዚህ ሁሉ መካከል በመጀመሪያው መጽሐፍ 164ኛው መዝሙር ላይ «ያለው አንድ ነው፤ ጠቢባን በብዙ ስም ይጠሩታል» የሚለው ዝነኛ ቃል ይገኛል፤ ስንኙ ኢንድራን፣ ሚትራን፣ ቫሩናንና አግኒን በስም ጠርቶ የአንዱ መጠሪያዎች ያደርጋቸዋል። በአሥረኛው መጽሐፍ ያለው 129ኛው መዝሙር ደግሞ ከፍጥረት በፊት ህላዌም ኢ-ህላዌም እንዳልነበረ ተናግሮ፣ አማልክት ራሳቸው ከፍጥረት በኋላ የመጡ ስለሆኑ ነገሩ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል ብሎ ይጠይቃል።

ከኡፓኒሻዶች አንዱ የሆነው ኬና ይህንኑ በትረካ ያቀርበዋል። አማልክቱ ድል አድርገው በራሳቸው ኃይል ያሸነፉ ይመስላቸዋል፤ ያሸነፈላቸው ግን ብራህማን ነበር። ማንነቱ ያልታወቀ አንድ ምሥጢራዊ አካል ይገለጥላቸውና አንዲት ሰንበሌጥ ያኖራል፤ አግኒ ሊያቃጥላት፣ ቫዩ የተባለው የነፋስ አምላክ ሊያነሣት ሞክረው ያቅታቸዋል። ኢንድራ ሲቀርብ አካሉ ይሰወራል፤ በስፍራው የተገኘችው ኡማ የተባለች አምላክት ያ የታየው ብራህማን እንደነበረ ትነግረዋለች። አማልክቱ በዚህ ትረካ ውስጥ እውነተኞች ናቸው፤ ኃይላቸው ግን የራሳቸው አይደለም።

ብራህማ፣ ቪሽኑና ሺቫ እንደ ክርስቲያኖች ሥላሴ ናቸው?

በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ይህ ጥያቄ በብዛት ይነሣል፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሆኖም መመሳሰሉ ከቁጥሩ ብዙም አያልፍም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥላሴ በስም፣ በአካልና በግብር ሦስት፣ በባሕርይና በመለኮት አንድ ናቸው፤ መበላለጥም የለባቸውም። ትሪሙርቲ የሚባለው የሂንዱ አሳብ ግን መፍጠርን፣ መጠበቅንና ማፍረስን ለሦስት አማልክት የሚያከፋፍል አቀራረብ ሲሆን፣ ሁሉም ሊያምንበት የሚገባ ዶግማ ሆኖ አያውቅም።

ሦስቱ እኩል የሚመለኩም አይደሉም። ለብራህማ የተሠሩ ቤተ መቅደሶች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ታዋቂው በራጃስታን፣ በፑሽካር ያለው ነው። የቪሽኑ አምላኪዎች ምስል ብራህማ የተባለውን አምላክ ከቪሽኑ እምብርት በበቀለ ሎተስ አበባ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ስለዚህ ፈጣሪው ራሱ ከቪሽኑ የወጣ ነው። የሺቫ አምላኪዎች ትረካ ደግሞ ሺቫ መጨረሻ የሌለው የእሳት ዓምድ ሆኖ ሲገለጥ ብራህማ ወደ ላይ በርሮ፣ ቪሽኑ በከርከሮ አምሳል ወደ ታች ቆፍሮ ጫፉን ሊያገኙት እንዳልቻሉ ይናገራል። ሁለቱም ወገኖች አንድ ልዑል አምላክ አላቸው፤ የሚለያዩት ማንነቱ ላይ ነው።

አቫታር ምንድን ነው? ከምሥጢረ ሥጋዌ ጋር ይመሳሰላል?

አቫታር አምላክ፣ በተለይም ቪሽኑ፣ በተለየ መልክ ወደ ዓለም መውረዱ ነው። በብዛት የሚታወቀው ዝርዝር አሥር ሲሆን ዓሣ፣ ኤሊ፣ ከርከሮና ሰው-አንበሳ ከመሆን ጀምሮ እስከ ራማና ክሪሽና ይደርሳል፤ የመጨረሻው ካልኪ ገና የሚመጣ ነው። በ18 ምዕራፎች በተከፈለው ብሃጋቫድ ጊታ ውስጥ ክሪሽና ጽድቅ በተዳከመና ዐመፅ በበረታ ጊዜ ሁሉ በየዘመኑ እንደሚገለጥ ይናገራል።

ከክርስትናው ትምህርት ጋር ያለው ልዩነት ሁለት ላይ ጎልቶ ይታያል። አንደኛ፣ መውረዱ አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጸመ ሳይሆን በየዘመኑ የሚደገም ነው። ሁለተኛ፣ አብዛኞቹ የቪሽኑ ወገን ሊቃውንት የአቫታር አካል እንደ እኛ ከመሬታዊ ነገር የተሠራ አይደለም ይላሉ። በእነርሱም መካከል ቢሆን ስምምነት የለም፤ በቤንጋል ከቻይታንያ (እ.ኤ.አ. 1486 እስከ 1534) ጀምሮ የመጣው ወገን ክሪሽና የቪሽኑ አቫታር ሳይሆን አቫታሮች ሁሉ የሚወጡበት ምንጭ ራሱ ነው ብሎ ያስተምራል።

አምላክ አንድ ከሆነ ይህ ሁሉ ምስል ለምን አስፈለገ?

ከአብርሃም እምነቶች ለመጣ ሰው፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ የሚከብደው ይህ ነው፤ ክብደቱንም ማቃለል አያስፈልግም። አብዛኛው የሂንዱ ትምህርት የተሠራው ድንጋይ ወይም ሸክላ በራሱ አምላክ ነው አይልም። ምስሉ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ እስትንፋስን ወደ ውስጡ የመጥራት ሥርዓት ይፈጸማል፤ ከዚያ በፊት የእጅ ጥበብ ውጤት ብቻ ነው። በጋኔሻና በዱርጋ በዓላት ላይ ምስሎቹ ከተመለኩ በኋላ በስንብት ሥርዓት ወንዝ ወይም ባሕር ውስጥ ይሰጥማሉ፤ በምስሉ ያደረው ተሸኝቷልና።

ነገር ግን «ምስሉ ማስታወሻ ብቻ ነው» የሚለው የተለመደ መከላከያም የሁሉንም እምነት አይገልጥም። በደቡብ ህንድ የሽሪራንጋም ቤተ መቅደስ የሚያገለግሉት የፈላስፋው የራማኑጃ ተከታዮች፣ አምላክ በቸርነቱ የምስሉን መልክ ይዞ ከሰዎች መካከል ለመኖር እንደፈቀደ ያምናሉ። ስለዚህ ምስሉ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ምግብ ይቀርብለታል። በሌላው ጫፍ ደግሞ እንደ ገጣሚው ካቢር ያሉ፣ መልክ የሌለውን ብቻ የሚዘምሩና የምስል አምልኮን አጥብቀው የሚነቅፉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1875 በቦምቤይ የተመሠረተው አርያ ሳማጅ የተባለው የተሐድሶ ማኅበርም ምስልን ፈጽሞ አይቀበልም።

ሴት አማልክቱስ? የወንዶቹ አማልክት ሚስቶች ብቻ ናቸው?

ለብዙ ሚሊዮን አማኞች አይደሉም፤ ሻክታ ለሚባሉት ልዕሊት የሆነችው ደቪ፣ ታላቂቱ እናት፣ ናት። በዚህ ወገን የከበረው ደቪ ማሃትምያ የተባለው ድርሰት ናቫራትሪ በሚባለው በዓል ዘጠኝ ሌሊቶች ይነበባል፤ የአንድነትና የብዛት ጥያቄም በጦር ሜዳ ላይ የሚፈታው በእርሱ ውስጥ ነው። እናቲቱ ከአጋንንት ጋር ስትዋጋ ብዙ ሴት አማልክት ከጎኗ ይቆማሉ። የአጋንንቱ አለቃ ሹምብሃ በሌሎች ብርታት ተደግፈሽ አትኩሪ ብሎ ይሰድባታል። እርሷም በዚህ ዓለም ያለሁት እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ከእኔ ሌላ ሁለተኛ ማን አለ ብላ ትመልሳለች። ወዲያው ሴቶቹ አማልክት ሁሉ ወደ አካሏ ገብተው እርሷ ብቻዋን ቆማ ትቀራለች።

ይህ አሳብ በየመንደሩ ያሉትን አማልክትም ይደርሳል። በታሚል ናዱ ዝናብንና በሽታን በተመለከተ የምትለመነው ማርያማን ለመንደሩ ሰው የራሷ ታሪክና ጠባይ ያላት ናት፤ ካህናትና ሊቃውንት ግን ከታላቂቱ እናት መልኮች አንዷ አድርገው ይቆጥሯታል። በካልካታ አጠገብ በዳክሺኔስዋር የካሊ ቤተ መቅደስ ያገለገለው ራማክሪሽና (እ.ኤ.አ. 1836 እስከ 1886) በምስሏ ፊት እንደ ሕፃን የሚያለቅስ አምላኪ ሲሆን፣ መልክ የሌለውን ብራህማን የሚያስተምረውንም መንገድ ተከትሏል፤ ብራህማንና ኃይሉ የማይነጣጠሉ ናቸው ይልም ነበር።

የሂንዱ ፈላስፎች ሁሉ «ሁሉም አንድ ነው» ይላሉ?

አይሉም፤ ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ከተባለ ይህ ይሁን። ከህንድ ውጭ ያለው ዓለም በብዛት የሚሰማው የሻንካራን ድምፅ ነው። በአሁኗ ኬረላ በካላዲ እንደተወለደ የሚነገረውና በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ያስተማረው ሻንካራ፣ በመጨረሻው እውነት ብራህማን ብቻ አለ፤ ባሕርይም፣ መልክም፣ ልዩነትም የለበትም ይላል። ዓለምን፣ ነፍሳትን፣ ፈጣሪ አምላክንም ለየብቻ የምናየው ካለማወቅ የተነሣ ነው። ይህ ግን አምልኮን ከንቱ አያደርገውም፤ ሰው ራሱን የተለየ ሆኖ እስካገኘ ድረስ ጌታው አምላክ፣ ኢሽቫራ፣ ለእርሱ እንደ ዓለሙ ሁሉ እውነተኛ ነው፤ አምልኮውም ልቡን ያነጻዋል። ሺቫን፣ ቪሽኑን፣ ደቪን፣ ፀሐይንና ጋኔሻን በአንድነት የማምለክን ልማድ ትውፊት የሚያያይዘው ከዚሁ መምህር ጋር ነው።

ራማኑጃ (በትውፊት እ.ኤ.አ. ከ1017 እስከ 1137) ይህን አጥብቆ ተቃወመ። ያ አለማወቅ የማን ነው? ብሎ ይጠይቃል። የብራህማን ነው እንዳይባል ብራህማን ዕውቀት ራሱ ነው፤ የነፍስ ነው እንዳይባል ነፍስ ለብቻዋ የታየችው በአለማወቁ ምክንያት ነው ተብሏል። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከሚያስደንቁ የፍልስፍና ጥያቄዎች አንዱ ነው። በእርሱ ትምህርት ነፍሳትም ዓለምም እውነተኞች ናቸው፤ ከአምላክም አይነጠሉም፤ ሰውነት ለነፍስ እንደሆነ እነርሱም ለአምላክ አካሉ ናቸው። አንድነቱ በውስጡ ልዩነትን የያዘ አንድነት ነው። አምላኩም ባሕርይ የሌለው ሳይሆን በመልካም ባሕርያት የተሞላው ናራያና፣ ማለትም ቪሽኑ፣ ነው።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በካርናታካ በኡዱፒ ያስተማረው ማድቫ ደግሞ ከዚህም ርቆ ሄደ። አምላክ ከነፍስ፣ አምላክ ከቁስ፣ ነፍስ ከነፍስ፣ ነፍስ ከቁስ፣ ቁስ ከቁስ በእውነት ይለያያሉ፤ እነዚህ አምስት ልዩነቶች ዘላለማዊ ናቸው። በራሱ የሚቆም ቪሽኑ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ፣ አማልክቱም ጭምር፣ በእርሱ ላይ የተደገፈ ነው። ይህን ትምህርት አንድ ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ቢሰማ ከሻንካራው ይልቅ ለራሱ እምነት የቀረበ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ሦስቱም ሊቃውንት የሚተረጉሙት ግን እነዚያኑ ኡፓኒሻዶች መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ብራህማን ሁሉም ከሆነ «እኔ አምላክ ነኝ» ማለት ይቻላል?

ጥያቄው የሚነሣው በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ውስጥ አባት ለልጁ ከተናገረው «አንተ ያ ነህ» ከሚለው ቃል ነው። ኡዳላካ ትምህርቱን ጨርሶ በመኮራት የተመለሰውን ልጁን ሽቬታኬቱን ጨው ውኃ ውስጥ እንዲጨምር ያዘዋል። በማግሥቱ ጨውን አምጣ ሲለው ልጁ ያጣዋል፤ ከላይ፣ ከመካከል፣ ከሥር ቢቀምሰው ግን ሁሉም ጨው ነው። አባትየው ያለውን ነገር አታየውም እንጂ በዚህ አለ፤ እውነቱ እርሱ ነው፤ አንተም ያ ነህ ይለዋል።

ለሻንካራ ይህ ቃል ፍጹም አንድነትን የሚናገር ነው፤ ሆኖም አምላክ ነው የሚባለው ስም ያለው፣ የሚራበው፣ የሚቆጣው ግለሰብ አይደለም። ያ ሁሉ ከተወገደ በኋላ የሚቀረው ንጹሕ አዋቂነት ከብራህማን አይለይም ማለቱ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ትምህርት የሚታበይ ሰው ትምህርቱን አልተረዳውም። ለራማኑጃ ቃሉ አንተን አካሉ አድርጎ በውስጥህ የሚኖረው ያው የዓለም ምንጭ ነው ማለት ነው። ማድቫ ደግሞ በሳንስክሪት ቃላት ሲናበቡ ድምፃቸው የሚዋሃድ መሆኑን ተጠቅሞ ዐረፍተ ነገሩን በሌላ ቦታ ይከፍለውና «አንተ ያ አይደለህም» ብሎ ያነበዋል። አንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ፍጹም የተለያዩ ትምህርቶችን ተሸክሞ ለዘመናት ኖሯል።

ፈጣሪ አምላክን የማይቀበል የሂንዱ ፍልስፍና አለ?

አለ። የቬዳን ሥልጣን ከሁሉ በላይ የሚያከብረው ሚማምሳ የተባለው የፍልስፍና ትምህርት ቤት ፈጣሪ አምላክ አያስፈልግም ይላል፤ ቬዳ ዘላለማዊ ነው፤ መሥዋዕቱም በራሱ ኃይል ይሠራል። ከዚህም አልፎ የአማልክትን አካል መኖር ይጠራጠራል፤ ኢንድራ አካል ካለው በአንድ ሰዓት በተለያዩ ስፍራዎች በሚቀርቡለት መሥዋዕቶች ላይ እንዴት ይገኛል? ሻንካራ ለዚህ ሲመልስ ከላይ የተጠቀሰውን የያጅናቫልክያን ንግግር ይጠራል፤ አንዱ አምላክ ብዙ መልክ መያዝ እንደሚችል ቁጥሮቹ ራሳቸው ያሳያሉ ይላል። ሳምክያ የተባለው ጥንታዊ የፍልስፍና ትምህርት ቤትም እልፍ ነፍሳትንና አንዲት ተፈጥሮን ብቻ ይዞ ዓለምን ያብራራል። በተቃራኒው ኒያያ የተባለው የሥነ አመክንዮ ትምህርት ቤት፣ በተለይም ሊቁ ኡዳያና፣ ፈጣሪ መኖሩን በማስረጃ ለማረጋገጥ ደክሟል።

የአንድነቱ አሳብ ከእስልምና ወይም ከሚስዮናውያን የተወሰደ ነው?

መሠረቱ አይደለም። ከላይ የተጠቀሱት ሪግ ቬዳና ኡፓኒሻዶች ከሁለቱም ሃይማኖቶች መነሣት በፊት የተደረሱ ናቸው። ሳንስክሪት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1030 አካባቢ ስለ ህንድ የጻፈው ሙስሊሙ ሊቅ አል-ቢሩኒ፣ የተማሩት ሂንዱዎች አምላክ አንድ፣ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው እንደሆነ እንደሚያምኑ መዝግቧል፤ የሕዝቡን አምልኮም ለይቶ አስቀምጧል። የንጉሥ ሻህ ጃሃን ልጅ ዳራ ሺኮ እ.ኤ.አ. በ1657 ወደ 50 የሚሆኑ ኡፓኒሻዶችን ወደ ፋርስ ቋንቋ ሲያስተረጉም፣ የአላህ አንድነት ማብራሪያ በእነርሱ ውስጥ እንዳገኘ ያምን ነበር።

ተጽዕኖ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1828 በካልካታ ብራህሞ ሳማጅ የተባለውን የተሐድሶ ማኅበር የመሠረተው ራም ሞሃን ሮይ የእስልምናንና የክርስትናን ትምህርት ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ነበር፤ የምስል አምልኮን የነቀፈውም ከእነርሱ ጋር እየተነጋገረ ነው። አዲስ የነበረው አንድነቱ ሳይሆን ለአንድነቱ ሲባል ብዙው መወገድ አለበት የሚለው አቋም ነው።

ታዲያ በየትኛው ስም ይጠራ? ሞኖቴይዝም (አንድ አምላክን ማመን)፣ ፖሊቴይዝም (ብዙ አማልክትን ማመን) ወይስ ፓንቴይዝም (አምላክና ዓለም አንድ ናቸው ማለት)?

አንዱ ስም ብቻውን አይበቃም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቬዳን ያጠናው ማክስ ሙለር፣ በየመዝሙሩ አንዱን አምላክ እንደ ብቸኛ አድርጎ የማወደሱን ልማድ ለመግለጽ «ሄኖቴይዝም» የሚለውን ስያሜ ያስፋፋው የቀሩት ስሞች ስላልገጠሙለት ነው። ማድቫን ሞኖቴይስት ማለት ብዙም አያሳስትም። ሻንካራ ግን አምላክና ዓለም እኩል ናቸው ስለማይል ፓንቴይስት ሊባል አይችልም፤ በእርሱ ዘንድ ዓለሙ በብራህማን ላይ የቆመ ነው፤ ብራህማን ግን በዓለሙ አይወሰንም። ስያሜ የሚሻ ሰው ስለ ማን ትምህርት እንደሚናገር አስቀድሞ ቢወስን ይሻላል።

ሂንዱዎች ሁሉም አምልኮ ወደ አንዱ ያደርሳል ብለው ያምናሉ?

የራማክሪሽና ደቀ መዝሙር ቪቬካናንዳ እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ በተደረገው የሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ ከጊታ ጠቅሶ ሰዎች በየትኛውም መንገድ ቢመጡ አምላክ እንደሚቀበላቸው ከተናገረ ወዲህ ይህ አሳብ የሂንዱዎች ሁሉ እምነት ተደርጎ ይወሰዳል። ብዙዎች በእርግጥ ያምኑበታል። ሆኖም በዚያው ጊታ በዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ክሪሽና፣ ሌሎችን አማልክት በእምነት የሚያመልኩትም የሚያመልኩት እኔኑ ነው፤ ነገር ግን በሥርዓቱ አይደለም ይላል። ሁለት ስንኝ ዝቅ ብሎም አማልክትን የሚያመልኩ ወደ አማልክት፣ ሙታን አባቶችን የሚያመልኩ ወደ እነርሱ፣ እኔን የሚያመልኩ ወደ እኔ ይመጣሉ ሲል ይጨምራል።

ሻንካራ «በሥርዓቱ አይደለም» የሚለውን ባለማወቅ ማለት ነው ብሎ ይፈታዋል። ራማኑጃ፣ አማልክቱ የናራያና አካል ስለሆኑ መሥዋዕቱ ለእርሱ ይደርሳል፤ አምላኪው ግን ይህን ስለማያውቅ የሚያገኘው ፍሬ ውሱንና የሚያልፍ ነው ይላል። ልዩነቱ በመጻሕፍት ብቻ የቀረ አይደለም። በአንዲት የታሚል ከተማ ውስጥ የሻንካራን ልማድ የሚከተለው ቤተሰብ በጠዋት አምስቱንም አማልክት በአንድ ሰሌዳ ላይ አሰልፎ ሲያመልክ፣ የራማኑጃን ሥርዓት አጥብቆ የሚጠብቀው ጎረቤቱ ከቪሽኑ በቀር ለማንም አይሰግድም፤ ወደ ሺቫ ቤተ መቅደስም ለአምልኮ አይገባም።